ሜግናድ ሳሃ እና የሕንድ በዓላት አቆጣጠር

የመሐንዲስም ሆነ የሳይንቲስት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው ቆሞ በሚታይ ነገር ነው። ድልድዩ፣ ግድቡ፣ ቤተ ሙከራው ለሠሪው ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ ሕዝብ መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚጾምና መቼ እንደሚያከብር የሚወስነው የዘመን አቆጣጠር በድንጋይና በሲሚንቶ ያልተሠራ ቢሆንም፣ ከማናቸውም ግንባታ ይልቅ ብዙ ሰው በየዕለቱ የሚገለገልበት ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሜግናድ ሳሃ በሦስት ታላላቅ ተግባሮች ይታወሳል። አንደኛው የከዋክብትን ሙቀት ከብርሃናቸው ለማንበብ ያስቻለው ቀመር ነው። ሁለተኛው የዳሞዳር ወንዝ ጎርፍ በዕቅድ እንዲገታ ያደረገው ትግል ነው። ሦስተኛው የአገሩን የዘመን አቆጣጠር ለማስተካከል በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት የደከመበት ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለፍሬ በቅተዋል፤ ሦስተኛው ግን እኩሌታው ተፈጽሞ እኩሌታው ቀርቷል። የቀረበት ምክንያት ለሙያችን ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ይህ ጽሑፍ በእርሱ ላይ ሰፋ አድርጎ ይቆያል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሳሃ የተወለደው ኦክቶበር 6 ቀን 1893 ዓ.ም. ከዳካ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ሼዎራታሊ በምትባል መንደር ነው። ቦታው በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረው የቤንጋል ክፍል ሲሆን፣ ዛሬ በባንግላዴሽ ውስጥ ይገኛል። አባቱ ጃጋናት ሳሃ በአነስተኛ ሱቅ ንግድ ስምንት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነበር፤ ሜግናድ አምስተኛው ልጅ ነው። ቤተሰቡ ልጁ ፊደል ከለየ በኋላ ከሱቁ እንዲረዳ ቢፈልግም፣ የመምህራኑና የታላቅ ወንድሙ ምልጃ ትምህርቱን እንዲቀጥል አደረገው። ቀጣዩ ትምህርት ቤት ከመንደሩ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለ ነበር፣ አናንታ ኩማር ዳስ የተባለ ሐኪም በቤቱ ተቀብሎ ቀለቡን ቻለለት። ሳሃም በፋንታው የቤቱን ላም ይንከባከብ፣ የበላበትንም ሳሕን ራሱ ያጥብ ነበር። ሳሕኑን ራሱ እንዲያጥብ የተደረገው በቤተሰቡ የትውልድ ደረጃ ዝቅተኛነት ምክንያት ነው።

በ1905 ዓ.ም. የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ዳካ ገባ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ቤንጋልን ለሁለት በመክፈሉ ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሡ። ሳሃም ከተቃዋሚዎቹ ጋር በመቆጠሩ የነጻ ትምህርት ዕድሉን አጣ፤ ከትምህርት ቤቱም ተባረረ። ሌላ ትምህርት ቤት ተቀብሎት በ1909 ዓ.ም. የመግቢያውን ፈተና ከምሥራቅ ቤንጋል ተማሪዎች አንደኛ ሆኖ አለፈ። በ1911 ዓ.ም. ወደ ካልካታ ሄዶ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ሲገባ፣ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስና ፕራፉላ ቻንድራ ራይ መምህራኑ፣ ኋላ ስሙ በዓለም የታወቀው ሳትየንድራ ናት ቦስ ደግሞ የክፍል ጓደኛው ሆኑ። በሒሳብ ትምህርት በሁለቱም ዲግሪዎች ቦስ አንደኛ፣ ሳሃ ሁለተኛ ወጡ።

በካልካታ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ከፍ ካለ ወገን የተወለዱ ተማሪዎች ሳሃ ከእነርሱ ጋር በአንድ አዳራሽ እንዳይበላ ተቃወሙ። የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ደግሞ የዕውቀት አምላክ ተብላ በምትከበረው በሳራስዋቲ በዓል ከመሠዊያው እንዳይጠጋ መከልከሉን ይተርካሉ። ይህን እዚህ ላይ ማንሣት የሚገባው ለሐዘኔታ ብቻ አይደለም። አርባ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ የአገሪቱ በዓላት የሚውሉበትን ቀን የሚያጠናውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመራው ይኸው ሰው በመሆኑ ነው።

የከዋክብት ቀመር

ሳሃ በ1916 ዓ.ም. በካልካታ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። በዚያ ወራት ከቦስ ጋር ሆኖ የአንስታይንን የሬላቲቪቲ ጽሑፎች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሟል። ታላቁን ሥራውን ያሳተመው በ1920 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕድሜው ገና ሃያ ሰባት አልሞላም ነበር።

ችግሩ የሚከተለው ነበር። የከዋክብት ብርሃን በመስተዋት ተበትኖ ሲታይ በውስጡ ጥቋቁር መስመሮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ንጥረ ነገር ምልክት ነው። የአንዱ ኮከብ መስመሮች ከሌላው እጅግ ስለሚለያዩ፣ ከዋክብት ከተለያየ ነገር የተሠሩ ሊመስሉ ይችላሉ። ሳሃ የኬሚስቶችን የሙቀትና የግፊት ሕግ በአቶሞች ላይ ሥራ ላይ አዋለው። ጋዝ ሲሞቅ አቶሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ይለቃሉ፤ ግፊቱ ሲቀንስም የተለቀቀው ኤሌክትሮን ተመልሶ የመያዙ ዕድል ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ሙቀትና ግፊት ምን ያህሉ አቶም ኤሌክትሮኑን እንዳጣ በቀመር ማስላት ይቻላል። ኤሌክትሮኑን ያጣ አቶም የሚያሳየው መስመር ሌላ ነው። በዚህ መንገድ የመስመሮቹ መለያየት በአብዛኛው የሙቀት መለያየት እንጂ የንጥረ ነገር መለያየት አለመሆኑ ታወቀ። በ1925 ዓ.ም. ሴሲሊያ ፔይን ይህንኑ ቀመር ተጠቅማ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን ለማሳየት በቃች።

ሳሃ በለንደን ከአልፍሬድ ፋውለር፣ በበርሊን ከቫልተር ኔርንስት ዘንድ ከሠራ በኋላ በ1921 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ከ1923 እስከ 1938 ዓ.ም. በአላሃባድ አስተማረ፤ በ1927 ዓ.ም. የለንደን ንጉሣዊ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ በኋላ በካልካታ ያቋቋመው የኑክሌር ፊዚክስ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከወንዙ ጋር የተደረገ ትግል

ሳሃ ያደገበት አካባቢ በክረምት ውሃ የሚውጠው ሜዳ ነው። ጎርፍን በልጅነቱ ኖሮበታል፤ በ1922 ዓ.ም. ሰሜን ቤንጋል በተጥለቀለቀ ጊዜም መምህሩ ፕራፉላ ቻንድራ ራይ ባደራጀው የዕርዳታ ሥራ ተሳትፏል። በ1935 ዓ.ም. ባቋቋመው ሳይንስ ኤንድ ካልቸር በተባለው መጽሔት፣ ወንዞች በቤተ ሙከራ እንዲጠኑ፣ ተፋሰሱም ሁሉ እንደ አንድ አካል እንዲታቀድ ደጋግሞ ጻፈ። በ1943 ዓ.ም. የዳሞዳር ወንዝ ግርዱን ጥሶ ወደ ካልካታ የሚወስደውን መንገድና የባቡር ሐዲድ በቆረጠ ጊዜ ለምርመራ በተቋቋመው ኮሚቴ አባል ሆነ። መፍትሔው ከታች ግርዱን ማሳደግ ብቻ ሳይሆን ከላይ ውሃውን በግድቦች መያዝ፣ በዚያውም መስኖና ኤሌክትሪክ ማግኘት እንደ ሆነ አስረዳ። አርኣያ ያደረገው በአሜሪካ የቴነሲ ሸለቆን ሥራ ነበር። የዳሞዳር ሸለቆ ኮርፖሬሽን በ1948 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። ቲላያ፣ ኮናር፣ ማይቶንና ፓንቼት የተባሉት ግድቦችም ተከታትለው ተሠሩ።

በዓላቱ እንዴት ይሰላሉ?

ሳሃ በመጨረሻ የገባበትን ሥራ ለመረዳት የሒንዱ በዓላት ቀን እንዴት እንደሚወሰን በመጠኑ ማወቅ ያስፈልጋል። የአቆጣጠሩ ዋና መለኪያ ቲቲ የሚባለው የጨረቃ ቀን ነው። ጨረቃና ፀሐይ በአንድ አቅጣጫ ከሚገናኙበት ቅጽበት ጀምሮ ጨረቃ ወደ ምሥራቅ እየቀደመች ስትሄድ፣ በመካከላቸው ያለው ማእዘን 12 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አንድ ቲቲ ይፈጸማል። ክበቡ 360 ዲግሪ በመሆኑ በአንድ የጨረቃ ወር 30 ቲቲዎች አሉ። አሥራ አምስቱ ጨረቃ የምትሞላባቸው፣ አሥራ አምስቱ የምትጎድልባቸው ናቸው።

ጨረቃ ወደ ምድር ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። ስለዚህ የአንድ ቲቲ ርዝመት ከ20 ሰዓት ገደማ እስከ 27 ሰዓት ገደማ ይለዋወጣል። ተራው ቀን ስሙን የሚያገኘው ፀሐይ ስትወጣ በነበረው ቲቲ ነው። አጭሩ ቲቲ ከአንድ ንጋት በኋላ ጀምሮ ከሚቀጥለው ንጋት በፊት ካለቀ ቁጥሩ ይዘለላል፤ ረጅሙ ሁለት ንጋት ካገኘ አንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይመጣል። በተጨማሪም እያንዳንዱ በዓል የራሱ ሰዓት አለው። የራማ ልደት ቲቲው ቀትር ላይ፣ የክሪሽና ልደት እኩለ ሌሊት ላይ፣ መብራት የሚበራበት ዲዋሊ ደግሞ የጠፍ ጨረቃው ቲቲ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መገኘቱን ይጠይቃል።

ይህ ሥርዓት የቱን ያህል ስስ እንደ ሆነ የ2024 ዓ.ም. ዲዋሊ ያሳያል። የጠፍ ጨረቃው ቲቲ ኦክቶበር 31 ቀን ከቀትር በኋላ ጀምሮ ኖቬምበር 1 ቀን ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት ገደማ ተፈጸመ። ስለዚህ ሁለቱም ምሽቶች የይገባኛል ጥያቄ ነበራቸው። አብዛኛው ሕዝብ በመጀመሪያው ምሽት፣ ሌላው ደግሞ በማግሥቱ አከበረ። የጥቂት ደቂቃዎች የስሌት ልዩነት ወይም የአገሪቱ ምሥራቅና ምዕራብ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት መለያየት የበዓሉን ቀን ሊለውጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወሩም የራሱ ሒሳብ አለው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ስለሚሆኑ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ገደማ ያንሳሉ። ይህ ቁጥር በባሕረ ሐሳብ አበቅቴን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የእስልምናው አቆጣጠር ጉድለቱን እንዳለ ስለሚተወው ረመዳን በወቅቶች ሁሉ ይዞራል። ሒንዱዎች ግን ተጨማሪ ወር ያስገባሉ። ፀሐይ በየወሩ ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው ትሻገራለች፤ በጨረቃ ወሩ ውስጥ ሽግግር ካልተገኘ ያ ወር የሚከተለውን ወር ስም ወስዶ ጭማሪ ይሆናል። ይህም በ32 ወይም በ33 ወር ገደማ አንድ ጊዜ፣ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ይደርሳል። የእኛም ንዑስ ቀመር የቆመው በዚሁ የ19 ዓመት ዑደት ላይ ነው። ልዩነቱ የእኛ ፋሲካ አስቀድሞ በተደላደለ አማካይ ዑደት ሲወጣ፣ የሕንዶቹ በዓላት በየዓመቱ በሁለቱ ብርሃናት ቦታ መታሰባቸው ነው። አልፎ አልፎም በአንድ የጨረቃ ወር ሁለት የፀሐይ ሽግግር ሲደርስ አንድ ወር ከነስሙ ይጠፋል፤ በ1963-64 እና በ1982-83 እንዲህ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ በሰሜን ብዙው ሕዝብ ወሩን በሙሉ ጨረቃ ሲፈጽም፣ በደቡብና በምዕራብ ብዙው በጠፍ ጨረቃ ይፈጽመዋል። አንዱ በዓል በሁለት ወር ስም የሚጠራው በዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው ችግር ዘገምተኛ ስለ ሆነ በአንድ ሰው ዕድሜ አይታይም። ሱርያ ሲድሃንታ የተባለው ጥንታዊ የስሌት መጽሐፍ የዓመቱን ርዝመት 365.2588 ቀን ያደርገዋል። ወቅቶች የሚመለሱበት ዓመት ግን 365.2422 ቀን ነው። ልዩነቱ በዓመት 24 ደቂቃ ያህል፣ በ60 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። ማካር ሳንክራንቲ፣ ማለት ፀሐይ እኛ ጀዲ ወደምንለው ኮከብ የምትገባበት በዓል፣ በጥንቱ ዘመን ፀሐይ ወደ ደቡብ ርቃ ከምትመለስበት ቀን ጋር የተያያዘ ነበር። ያ ቀን ዴሴምበር 22 ገደማ ሲሆን በዓሉ ግን ዛሬ ጃንዋሪ 14 ገደማ ይውላል። በአሥራ አራት መቶ ዓመት ውስጥ 23 ቀን ያህል ተንሸራትቷል ማለት ነው። በ365 ቀን ከሩብ የሚቆጠረው የራሳችን ዓመትም ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ስለሚበልጥ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

የኮሚቴው ሥራ

ሳሃ በ1952 ዓ.ም. ከካልካታ በግል ተወዳድሮ የሕንድ ፓርላማ አባል ሆነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የዘመን አቆጣጠር ማሻሻያ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሊቀ መንበርነቱን ሰጠው። የኮሚቴው ጸሐፊ የሰማይ አካላትን ቦታ በማስላት የታወቀው ኒርማል ቻንድራ ላሂሪ ነበር። ኮሚቴው ከየክፍለ አገሩ የቀን መቁጠሪያዎችን ሰብስቦ ሲመረምር ሠላሳ ያህል የተለያዩ አቆጣጠሮች በሥራ ላይ መሆናቸውን አገኘ። ዓመቱ በአንዱ ክፍል በፀደይ፣ በሌላው በመኸር ይጀምር ነበር።

ሪፖርቱ በ1955 ዓ.ም. ቀረበ። ኮሚቴው ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ለመንግሥት ሥራ በፀሐይ ብቻ የሚመራ አንድ ብሔራዊ አቆጣጠር አዘጋጀ። ዘመኑ የሳካ ዘመን ነው፤ ዓመቱ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ማግሥት፣ ማርች 22 ቀን ይጀምራል። ቻይትራ የተባለው የመጀመሪያው ወር 30 ቀን፣ በሠግር ዓመት 31 ቀን አለው። ቀጥለው የሚመጡት አምስት ወራት 31፣ የቀሩት ስድስቱ 30 ቀን ናቸው። ይህ አከፋፈል ዝም ብሎ የተደረገ አይደለም፤ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ምድር ከፀሐይ ራቅ ብላ በዝግታ ስለምትጓዝ ያ እኩሌታ 186 ቀን ያህል በመፍጀቱ ነው።

ለሃይማኖታዊ በዓላት ግን ሳሃ ጨረቃን አልሻረም። በግሉ በኮከብ ቆጠራ የማያምን፣ አጉል እምነትን በግልጽ የሚነቅፍ ሰው ቢሆንም፣ ኮሚቴው ቲቲውንና ተጨማሪ ወሩን እንደ ነበሩ ተቀበለ። የለወጠው ስሌቱን ነው። የፀሐይና የጨረቃ ቦታ ከጥንታዊው ሠንጠረዥ ሳይሆን ከዘመናዊ ምልከታ እንዲወሰድ፣ ለአገሪቱም ሁሉ አንድ የማስያ ነጥብ እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። ነጥቡ የሕንድ መደበኛ ሰዓት በሚለካበት በ82.5 ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስና በጥንታዊቱ የኡጃይን ከተማ የኬክሮስ መስመር ላይ ተደረገ። የከዋክብቱ መነሻና ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ነጥብ የተራራቁበት ማእዘንም ማርች 21 ቀን 1956 ዓ.ም. 23 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ እንዲሆን ተወሰነ። መንሸራተቱ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ከዚያ በኋላ ግን እንዳይቀጥል ታቀደ። ሃያ ሦስቱን ቀናት በአንድ ጊዜ መሰረዝ በዓላቱን ሁሉ ከለመዱት ቦታ መንቀል በመሆኑ ኮሚቴው አልደፈረውም።

ሳሃ በዚሁ ጊዜ ዓለም ሁሉ አንድ ቋሚ አቆጣጠር እንዲይዝ የቀረበውን ሐሳብ ደግፎ በ1954 ዓ.ም. በጄኔቭ በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ምክር ቤት ፊት አስረድቷል። ሐሳቡ በዓመቱ መጨረሻ ከሳምንት ውጭ የሆነ አንድ ቀን ስለሚያስገባ፣ ሰንበትን በየሰባት ቀን የሚያከብሩ ሃይማኖቶች ተቃወሙት፤ በመጨረሻም ውድቅ ሆነ።

ከእርሱ በኋላ

ሳሃ የሥራውን ፍጻሜ አላየም። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1956 ዓ.ም. በኒው ዴልሂ ወደ ፕላን ኮሚሽን ቢሮ ሲሄድ በድንገተኛ የልብ ሕመም ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 62 ነበር። ብሔራዊው አቆጣጠር ማርች 22 ቀን 1957 ዓ.ም. ቻይትራ 1 ቀን 1879 ሳካ ተብሎ ሥራ ላይ ዋለ።

ውጤቱ እንደታሰበው አልሆነም። ብሔራዊው ቀን በመንግሥት ጋዜጣና በሬዲዮ ማስታወቂያ ከአውሮፓው ቀን ጎን ቢነገርም፣ በሕዝቡ ዕለታዊ ኑሮ ውስጥ ሥር አልሰደደም። ነጋዴው በአውሮፓው፣ ምእመኑ በአጥቢያው መቁጠሪያ መገልገሉን ቀጠለ። ጥንታዊውን ሠንጠረዥ ያልተዉ የመቁጠሪያ አዘጋጆችም አሉ። በአንጻሩ የስሌቱ ክፍል ከታሰበው በላይ ተስፋፋ። በካልካታ የሚገኘው የመንግሥት የሰማይ ስሌት ማዕከል ራሽትሪያ ፓንቻንግ የተባለውን ዓመታዊ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ያወጣል። በጸሐፊው በላሂሪ ስም የሚጠራው የኮሚቴው ማእዘን ዛሬ በሕንድ የመቁጠሪያ አዘጋጆች፣ ሳሃ ይነቅፋቸው በነበሩት ኮከብ ቆጣሪዎች ዘንድ ሳይቀር፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት ሆኗል። በተወለደበት አገር በባንግላዴሽም የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት 31 ቀን ያደረገ የተሻሻለ የቤንጋል አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በይፋ ተይዞ ነበር።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር መገንዘብ ይቻላል። ሰው ከነባር ልማዱ ጋር የሚስማማ የተሻለ መለኪያ ሲቀርብለት፣ አቅራቢውን ባያውቀውም ይቀበላል። ከልማዱ ጎን ባዶ ቦታ ላይ የቆመ አዲስ ሥርዓት ግን የቱን ያህል የተስተካከለ ቢሆን፣ ሕግም ቢደግፈው ነዋሪ ያጣ ቤት ይሆናል። የዳሞዳር ግድቦች የተሳካላቸው ወንዙ አስቀድሞ በሚሄድበት ሸለቆ ውስጥ በመሠራታቸው ነው። የሳሃ የበዓል ስሌትም የተሳካው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቲቲውን ሳይነካ የቲቲውን ሰዓት አረመ። እኛም በየሥራችን አዲስ ደረጃ ወይም መለኪያ ስናወጣ፣ ተጠቃሚው አስቀድሞ በምን እንደሚለካ ከመጠየቅ መጀመር ይኖርብናል።

ስሙ በካልካታው ተቋም፣ በከዋክብት ቀመሩ፣ እንዲሁም በጨረቃ ሩቅ ገጽ ላይ በሚገኝ አንድ ክብ ጎድጓዳ ስፍራ ይጠራል። በወጣትነቱ ከበዓል ማዕድ የተለየው የባለ ሱቁ ልጅ ያስተካከለው ስሌት ግን፣ ስሙን ሰምቶ በማያውቅ እጅግ ብዙ ቤት ውስጥ የዲዋሊ መብራት የሚበራበትን ምሽት ለመወሰን ዛሬም ያገለግላል።